በሰው ግቢ የተከፈተ ሱቅ፦ የብራውዘር ቅጥያ እንደ አነስተኛ ንግድ

የሳይንስና የምህንድስና ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች በጥቂት ገንዘብ ሊጀምሯቸው ከሚችሏቸው ሥራዎች አንዱ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ለዚህ ሥራ ሰፊ ቦታ፣ ከባድ ማሽን ወይም ብዙ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ አንድ ኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት መስመርና ትዕግሥት ይበቃል። ከሶፍትዌር ዓይነቶች መካከል ደግሞ በመጠኑ ትንሹ፣ በአጀማመሩም ቀላሉ የብራውዘር ቅጥያ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የለመደ ተማሪ የመጀመሪያውን ቅጥያ በአንድ የዕረፍት ሳምንት ውስጥ ሠርቶ ሊጨርስ ይችላል። ቅጥያዎች በዓለም ገበያ ይሸጣሉ፣ ይገዛሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ፔይፓል የተባለው የክፍያ ኩባንያ ሃኒ የተባለውን ቅናሽ ፈላጊ ቅጥያ የሠራውን ድርጅት በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱ የብዙዎችን ምኞት ቀስቅሷል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ታላቅ ዜና ስለ ትንሹ ሠሪ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንመረምራለን። አንደኛ፣ ቅጥያ ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይሠራል? ሁለተኛ፣ ገቢውና ዋጋው በምን ስሌት ይታወቃል? ሦስተኛ፣ አንድ ቅጥያ ሲሸጥ በእውነቱ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን ሳያውቁ የሸጡ ሰዎች በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎቻቸውን ለጉዳት ዳርገዋል።

1. ቅጥያ ምንድን ነው?

ብራውዘር ድረ ገጾችን ከፍቶ የሚያሳየን ፕሮግራም ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ኤጅ ከታወቁት ውስጥ ናቸው። ኤክስቴንሽን፣ በአማርኛ ቅጥያ፣ የምንለው ደግሞ ራሱን ችሎ የማይቆም፣ በብራውዘሩ ላይ ተቀጥሎ አንድ አዲስ ችሎታ የሚጨምርለት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 የ1.0 እትሙን ሲያወጣ ቅጥያዎችን ይቀበል ነበር። ክሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 በመደበኛ እትሙ ላይ ቅጥያዎችን ፈቀደ።

አንድ ቅጥያ በአብዛኛው ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ማኒፌስት የሚባለው ፋይል ሲሆን የቅጥያውን ስም፣ የእትሙን ቁጥርና የሚጠይቃቸውን ፈቃዶች ይዘረዝራል። ሁለተኛው በተከፈተው ድረ ገጽ ውስጥ ገብቶ ጽሑፉን የሚያነብ ወይም የሚለውጥ የገጽ ስክሪፕት ነው። ሦስተኛው ገጾቹ ቢዘጉም አስፈላጊ ሲሆን እየተነሣ የሚሠራ የጀርባ ስክሪፕት ነው። ሁለቱ ስክሪፕቶች የሚጻፉት ለድረ ገጽ ሥራ በሚያገለግለው ጃቫስክሪፕት በተባለው ቋንቋ ነው። ስለሆነም ድረ ገጽ መሥራት የሚችል ሰው ቅጥያ ለመሥራት አዲስ ቋንቋ መማር አይጠበቅበትም።

ቅጥያውን ለሕዝብ ለማቅረብ በክሮም ዌብ ስቶር መመዝገብ ያስፈልጋል። የምዝገባው ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል 5 የአሜሪካ ዶላር ነው። ከምዝገባው በኋላ ቅጥያው ተመርምሮ ይለቀቃል፤ ሠሪው ማሻሻያ ባወጣ ቁጥርም አዲሱ እትም በተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ይጫናል። ይህች የመጨረሻ ነጥብ ከባድ ውጤት ስላላት አንባቢ በልቡናው እንዲይዛት እንሻለን።

2. ለአገራችን እንግዳ ያልሆነ ንግድ

በሌላ ኩባንያ ፕሮግራም ላይ የሚቀጠል ነገር ሠርቶ መሸጥ በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። የፊደል ሶፍትዌር ታሪክ የዚሁ ንግድ ታሪክ ነው።

ካዛንቺስ አጠገብ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ፓዲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የመረጃ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ይህ ማዕከል ኢንተርኔት ለአገራችን ሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያመላልስ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በእነዚያ ዓመታት ኮምፒውተር ከተሠራበት አገር ይዞት የሚመጣው የላቲን ፊደል ነበር። አማርኛ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ወይ በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ወይ በኮምፒውተሩ ላይ የፊደል ሶፍትዌር ይጭናል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በአዲስ አበባ የተቋቋሙ ድርጅቶች በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ላይ የሚቀጠሉ የፊደል መጻፊያዎችን ሠርተው ሸጡ። ከእነዚህ መካከል ኩስቶር ኮምፒውቲንግ ያወጣው ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተባለው ይበልጥ ይታወቃሉ። በካዛንቺስና በመላው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የነበሩት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቆች ማመልከቻውን፣ የኪራይ ውሉን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፉት በእነዚህ ሶፍትዌሮች ነበር። ጸሐፊው ከማይክሮሶፍት ዎርድ ጋር ይሠራ እንጂ የሱቁን እንጀራ የሚያበስለው በዎርድ ላይ የተቀጠለው የፊደል ሶፍትዌር ነበር።

የዚያን ጊዜው ችግር በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። ስምንት ቢት ያለው የቁምፊ ሥርዓት 256 ቦታዎች ብቻ አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽን ትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ 224 ይቀራሉ። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ግን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ሃያዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ስለሆነም እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ብልሃት ፊደላቱን በተለያዩ ፎንቶች አከፋፈለ፤ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈውም በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነ። ይህን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ነው፤ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለትምህርታችን ዋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ መጻፊያና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ጎግልም ከጊዜ በኋላ አማርኛን የሚጨምር ነጻ የመጻፊያ ቅጥያ ለክሮም አወጣ። ትናንት በገንዘብ ይሸጥ የነበረው ችሎታ በአስተናጋጁ ፕሮግራም ውስጥ በነጻ ተካተተ ማለት ነው። የአገራችን ሠሪዎች ዩኒኮድን የሚከተሉ እትሞች በማውጣት፣ የጸሐፊውን የእጅ ልማድ በመጠበቅና ለመሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በመስጠት ከቪስታ በኋላም ለዓመታት ሥራ ላይ ቆይተዋል። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቅጥያ የሚሠራ ነጋዴ ሱቁን የከፈተው በሰው ግቢ ውስጥ ነው።

የካዛንቺስ ነጋዴ ይህን ያለ ኮምፒውተር ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ሱቅ ሲዛወር መደርደሪያውና ማሽኑ አብረው ይሄዳሉ፤ የለመደው ደንበኛ ግን ሁሉም አይከተልም። በብራውዘር ዓለምም እንዲሁ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2018 ማኒፌስት ሦስት የተባለውን አዲስ ደንብ አስታወቀ፤ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮም በአሮጌው ደንብ የተሠሩትን ቅጥያዎች ደረጃ በደረጃ ከክሮም አስወጣ። ቅጥያውን እንደገና ያልጻፈ ሠሪ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ሱቁ ተዘጋ።

3. አንድ ፊደል ከቁልፉ እስከ ገጹ

የቅጥያን አሠራር በቅርብ ለማየት የአማርኛ መጻፊያን እንመርምር። በዩኒኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የሚጀምረው ከ4608 ሲሆን ይህም የ«ሀ» ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ተከታታይ ቦታዎች ተሰጥተውታል። «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 ይሆናሉ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ ስንሄድ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ስለሆነም የሚከተለው ቀላል ቀመር ይገኛል፦

የፊደሉ ቁጥር = የግዕዙ ቁጥር + (የሆሄው ተራ − 1)

ሳድስ ስድስተኛ ስለሆነ «ል» 4616 + 5 = 4621 ነው። ተጠቃሚው በላቲኑ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የ«ል»ን ድምፅ የያዘውን ቁልፍ ሲጫን ቅጥያው 4621ን በገጹ ላይ ያኖራል። ቀጥሎ የ«ኣ»ን ድምፅ ሲጫን ቅጥያው የቀደመውን ፊደል አንሥቶ በምትኩ ራብዑን «ላ»ን፣ ማለትም 4616 + 3 = 4619ን ይተካል። ጠቅላላ ሥራው አንድ የፊደል ሰንጠረዥና አንድ የመደመር ስሌት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ትንሽ ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት የምንጫነውን እያንዳንዱን ቁልፍ ማየት አለበት። በየትኛው ገጽ ላይ አማርኛ እንደምንጽፍ አስቀድሞ ስለማያውቅ በሁሉም ገጾች ላይ የመሥራት ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ከእነዚህ ገጾች አንዱ የባንክ ሒሳባችን፣ ሌላው የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ፣ ሌላው የሕክምና ቀጠሮአችን ሊሆን ይችላል። ፊደል ለመለወጥ የተሰጠው ፈቃድና የይለፍ ቃል ለመስረቅ የሚያስፈልገው ፈቃድ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያያቸው የሠሪው ታማኝነት ብቻ ነው።

ጥንቁቅ ሠሪ ይህን አደጋ በንድፉ ይቀንሳል። ለምሳሌ በክሮም ውስጥ ቅጥያው ተጠቃሚው ምልክቱን ሲጫን ብቻ፣ በተከፈተው ገጽ ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ጠባብ ፈቃድ አለ። ያልተጠየቀ ፈቃድ ሊሰረቅ አይችልም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለብን የንድፍ ሕግ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ፈቃድ አለመጠየቅ ነው።

4. ምን ይሠራ?

አስተናጋጁ በቀላሉ የማያካትተው፣ የአካባቢን ዕውቀት የሚጠይቅ ችግር ለትንሽ ሠሪ የተሻለ መጠለያ ነው። ሦስት ምሳሌዎችን እናቅርብ።

የመጀመሪያው ፍለጋ ነው። በአማርኛ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በድምፅ አንድ ሆነዋል፤ በዩኒኮድ ግን የተለያየ ቁጥር አላቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ስለሚችል 2 × 6 = 12 አጻጻፎች ይገኛሉ። ቁጥር ለቁጥር ብቻ የሚያመሳስል ፍለጋ አንዱን ሲያገኝ አሥራ አንዱን ያልፋል። በረጅም የሕግ ወይም የጨረታ ሰነድ ውስጥ የሰው ስም ለሚፈልግ ጸሐፊ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሁሉንም አጻጻፍ አንድ ላይ የሚፈልግ ቅጥያ ለመሥራት አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በካዛንቺስ ዙሪያ ባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች መካከል ደብዳቤ የሚያመላልስ ሰው በየቀኑ ሁለት የቀን አቆጣጠር ያጋጥመዋል። አሥራ ሦስት ወራት፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆን ጳጉሜን፣ በሰዓት ቆጠራም የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። በገጹ ላይ ያለውን ቀን ለይቶ አቻውን የሚያሳይ ቅጥያ የቀጠሮና የጨረታ ስሕተትን ይቀንሳል።

ሦስተኛው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መመለስ ነው። ይህን ሥራ በሚገባ የሚሠራው የእነዚያን ፎንቶች ጠባይ የሚያውቅ የአገር ልጅ ነው።

አንድ ገደብ ግን አለ። ቅጥያ በዋናነት የኮምፒውተር ነገር ነው፤ ፋየርፎክስ እንኳ በአንድሮይድ ስልክ ላይ በሩን ለሁሉም ሠሪዎች የከፈተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነው። አብዛኛው ወጣት ኢንተርኔትን የሚያየው በስልኩ ስለሆነ የቅጥያ ደንበኛ የመንገዱ ላይ ተጠቃሚ ሳይሆን በጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ነው።

5. የቀዳዳው እንስራ ስሌት

ተጠቃሚዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉም። አንዱ ኮምፒውተር ይቀይራል፣ ሌላው ይሰለቻል፣ ሌላው የተሻለ ያገኛል። ይህ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው እንስራ ከቧንቧ ሲሞላ እንደማየት ነው። በወር የሚገቡትን አዲስ ተጠቃሚዎች «ገ»፣ ካሉት ውስጥ በወር የሚለቁትን ክፍልፋይ «መ»፣ ጠቅላላ ተጠቃሚዎችን «ተ» እንበላቸው። እንስራው ሲሞላ የሚፈሰውም ይጨምራል፤ የሚገባውና የሚፈሰው እኩል ሲሆኑ ውኃው በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። በዚያን ጊዜ፦

ተ = ገ ÷ መ

ለምሳሌ በወር 60 አዲስ ተጠቃሚዎች ቢመጡና ካሉት 5 በመቶ ቢለቁ ቁጥሩ 60 ÷ 0.05 = 1,200 ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ለማደግ ወይ ቧንቧውን ማስፋት፣ ወይ ቀዳዳውን መድፈን ያስፈልጋል። ቀዳዳውን ከ5 ወደ 2.5 በመቶ መቀነስ ቧንቧውን በእጥፍ ከማስፋት ጋር እኩል ነው፤ ለትንሽ ሠሪ ደግሞ ማስታወቂያ ከመግዛት ስሕተት ማረም ይረክሳል።

ቧንቧው ቢዘጋስ? ተጠቃሚዎቹ እንደ ራዲዮአክቲቭ አተሞች በኤክስፖነንሺያል ሕግ ይቀንሳሉ። ግማሽ ዕድሜያቸው 0.693 ÷ መ ነው፤ በምሳሌያችን 0.693 ÷ 0.05 ወደ 14 ወር ይሆናል።

አሁን ገቢውን እናስላ። ከ1,200 ተጠቃሚዎች ሁለት በመቶው፣ ማለትም 24 ሰዎች፣ በወር 100 ብር ቢከፍሉ ገቢው 2,400 ብር ነው። ይህ የኢንተርኔት ወጪ ከመሸፈን ብዙም አያልፍም። በአንጻሩ 40 መሥሪያ ቤቶች በአምስት በአምስት ኮምፒውተሮቻቸው ላይ ለእያንዳንዱ 60 ብር በወር ቢከፍሉ 40 × 5 × 60 = 12,000 ብር ይገኛል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የሚያሳዩት ግን እውነት ነው፦ በአገራችን ገበያ ከብዙ መንገደኛ ይልቅ ጥቂት ቋሚ ደንበኛ ይሻላል። ክፍያውን የሚሰበስበው ሠሪው ራሱ መሆኑም አይዘንጋ፤ የክሮም ዌብ ስቶር የራሱን የክፍያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ዘግቷል። ለአገር ውስጥ ደንበኛ በባንክ፣ ወይም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት በሚሰጠው ቴሌብር መክፈል ይቻላል።

6. ዋጋው ስንት ነው?

አንድ ሰው ይህንኑ በወር 12,000 ብር የሚያስገባ ቅጥያ ለመግዛት ፈለገ እንበል። አዲስ ደንበኛ ባይጨመርና በወር 5 በመቶ ቢቀንስ ገቢው እስከ መጨረሻው ሲደመር 12,000 ÷ 0.05 = 240,000 ብር ይሆናል። የዋህ ገዢ ዋጋው ይህ ነው ሊል ይችላል።

ነገር ግን ቅጥያ እንክብካቤ ይፈልጋል። ብራውዘሩ ሲለወጥ ይታረማል፣ ደንበኛ ሲደውል ይመለስለታል። ለዚህ በወር 3,000 ብር ይውጣ እንበል። ገቢው ከ12,000 ወደ 3,000፣ ማለትም ወደ አንድ አራተኛ፣ የሚወርደው በሁለት ግማሽ ዕድሜ ወይም በ28 ወር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቀጠሉ ኪሳራ ነው። በእነዚህ ወራት የሚገባው የ240,000 ብር ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 180,000 ብር ሲሆን ወጪው ወደ 83,000 ብር ይደርሳል። የሚተርፈው ወደ 97,000 ብር ነው። የገንዘብ ዋጋ በጊዜ እንደሚቀንስ ከቆጠርን ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ይህ ስሌት ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለሻጭም ይጠቅማል። ለዚህ ቅጥያ 300,000 ብር የሚሰጥ ሰው ቢመጣ ሻጩ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አለ፦ ትርፉ ከየት ይመጣል? ገዢው ቧንቧውን የሚያሰፋበት ወይም ቀዳዳውን የሚደፍንበት ዕቅድ ካለው ሊያስረዳ ይችላል። ሊያስረዳ ካልቻለ ግን የቀረው ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተጠቃሚዎቹ ፈቃድ ነው።

7. የሚሸጠው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 አንድ ሕንዳዊ የቴክኖሎጂ ጸሐፊ በአንድ ሰዓት ገደማ የሠራውንና ከ30,000 በላይ ተጠቃሚዎች የነበሩትን «አድ ቱ ፊድሊ» የተባለ ቅጥያ በጥቂት ሺህ ዶላር ለማያውቀው ሰው መሸጡን በግልጽ ጻፈ። አዲሱ ባለቤት በማሻሻያ ስም ማስታወቂያ የሚዘራ ኮድ አስገባበት፤ ጎግልም ቅጥያውን አስወገደው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች የነበሩት «ግሬት ሰስፔንደር» ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ባለቤቱን ለወጠ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ጎግል ጎጂ ኮድ ይዟል ብሎ አገደው።

በሁለቱም ታሪኮች የቅጥያው ኮድ ብዙ ዋጋ አልነበረውም፤ አንድ ተማሪ እንደገና ሊጽፈው ይችላል። ገዢው የከፈለው ለሌላ ነገር ነው። ተጠቃሚዎቹ ለቀድሞው ሠሪ «ገጾቼን አንብብ» ብለው ፈቅደው ነበር፤ ማሻሻያውም ሳይጠይቃቸው በራሱ ይጫናል። አዲሱ ባለቤት ተጨማሪ ፈቃድ እስካልጠየቀ ድረስ በስክሪናቸው ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። እንግዲህ በቅጥያ ሽያጭ የሚተላለፈው ዋና ንብረት በሺዎች ቤት የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉን የሰጡት ሰዎች ደግሞ በሽያጩ ላይ አልተጠየቁም።

ቁልፉ ሳይሸጥም ሊሰረቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ሳይበርሄቨን የተባለ የመረጃ ደኅንነት ኩባንያ ሠራተኛ በሐሰተኛ ኢሜይል ተታሎ ለቅጥያው መዳረሻ ሰጠ፤ ወንጀለኞቹም ጎጂ እትም ለአንድ ቀን ገደማ አሰራጩ። ስለሆነም የሠሪው የስቶር መለያ እንደ ገንዘብ ካዝና ሊጠበቅ ይገባል።

መልካም ሽያጭም አለ። ማርክ ደርዲን የተባለው አውስትራሊያዊ የጀመረው ኪይማን የተሰኘ የብዙ ቋንቋዎች መጻፊያ፣ አማርኛ ጻፊዎችም ሲጠቀሙበት የኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በቋንቋ ጥናት ላይ ወደ ተሰማራው ኤስአይኤል ተዛወረ። በኋላም በነጻ እንዲሰጥና ኮዱ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ተደረገ። እዚህ ላይ የገዢው ዓላማ ከተጠቃሚው ፍላጎት ጋር አንድ ነበር። የሁለቱን ዓይነት ሽያጭ ልዩነት የሚወስነው የዋጋው መጠን ሳይሆን ይህ አንድነት ነው።

8. ሕግና ውል

የኮምፒውተር ፕሮግራም በአገራችን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል፤ ጥበቃው ሥራው እንደተፈጠረ የሚጀምር እንጂ ምዝገባን የሚጠብቅ አይደለም። በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለሆነም በመሥሪያ ቤት ሰዓት የተጻፈ ቅጥያን ለመሸጥ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ውሉን ያንብብ። መብቱም ሲተላለፍ በጽሑፍ ይሁን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለምን ዓላማ እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅና ከዚያ እንዳያልፍ ያስገድዳል። ብቻውን ድርጅት ማቋቋም ለሚሻ ወጣት በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዷል።

ቅጥያ የሚገዛ ሰው ቢያንስ አራት ነገሮችን ይመርምር፦

ሀ. በስቶሩ ላይ ያለው እትምና ሻጩ የሚሰጠው ኮድ አንድ መሆናቸውን፤
ለ. እያንዳንዱ ፈቃድ ለምን እንደተጠየቀ፤
ሐ. የተጠቃሚዎቹን ቁጥር ቢያንስ የአሥራ ሁለት ወር ግራፍ፣ ይኸውም «ገ»ንና «መ»ን ለይቶ ለማወቅ፤
መ. ኮዱ የማን እንደሆነና ከሌሎች የተወሰዱ ክፍሎች በምን የአጠቃቀም ስምምነት እንደገቡ።

የሚሸጥ ሰው ደግሞ ገዢው ማን እንደሆነ ይወቅ፤ ቅጥያው ከታወቀለት ዓላማ ውጭ እንዳይውል በውሉ ውስጥ ያስገባ፤ ከርክክቡ በፊትም የባለቤትነቱን ለውጥ ለተጠቃሚዎቹ ያስታውቅ። ማስታወቂያው አንዳንዶችን ያስወጣ ይሆናል፤ የሚቀሩት ግን አውቀው የቀሩ ናቸው።

9. ማጠቃለያ

የብራውዘር ቅጥያ ለጀማሪ መልካም ትምህርት ቤት ነው፤ በጥቂት ገንዘብ ንድፍን፣ ስሌትንና ደንበኛን ያስተምራል። ሆኖም ቦታው የአስተናጋጁ፣ ቁልፉም የተጠቃሚው ነው። የሠሪው የራሱ የሆነው ዕውቀቱና ስሙ ብቻ ነው። ሱቁ ቢፈርስ በሁለቱ ሌላ ሱቅ ሊከፍት ይችላል፤ ስሙን ከቁልፉ ጋር አብሮ የሸጠ ግን የሚከፍተው ሁለተኛ ሱቅ ደንበኛ አያገኝም።

መልመጃ

1. አንድ ቅጥያ በወር 90 አዲስ ተጠቃሚዎች ያገኛል፤ ካሉት 6 በመቶ ይለቃሉ። ቁጥሩ የት ላይ ይቆማል? ግማሽ ዕድሜውስ ስንት ወር ነው?

2. «መ» 4632 ከሆነ የ«ሞ» ቁጥር ስንት ነው?

3. በክፍል 6 በቀረበው ምሳሌ የእንክብካቤው ወጪ በወር 6,000 ብር ቢሆን ቅጥያው የሚያዋጣው ለስንት ወር ነው? ገዢውስ ቢበዛ ስንት ሊከፍል ይገባል?

4. በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ቅጥያዎች ይዘርዝሩ። እያንዳንዱ የሚጠይቀው ፈቃድ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ይመጣጠናል?

መልስ፦ 1) 1,500፤ ወደ 11.6 ወር። 2) 4638። 3) አንድ ግማሽ ዕድሜ፣ ወደ 14 ወር፤ 120,000 − 83,000 = ወደ 37,000 ብር። አራተኛውን ለአንባቢ እንተወዋለን።